«ቢትሬቱን 100,000 አድርጉት» ለሚለው የጌም ቀረጻ መመሪያ ምላሽ

ሰሞኑን «ለማንኛውም ኮምፒውተር የሚሆን ምርጥ የጌም ቀረጻ ሴቲንግ» የሚል መመሪያ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ምክሩ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ኦቢኤስ (የስክሪን መቅረጫና ማሰራጫ ፕሮግራም) ላይ ሲቢአር ምረጡና ቢትሬቱን (በሴኮንድ የሚመደበውን ዳታ፣ በኪሎቢት) 100,000 አድርጉት፤ ሞኒተራችሁ ምንም ይሁን ምን በ4ኬ ቅረጹ፤ የግራፊክስ ካርዱን ኢንኮደር (ቪዲዮውን የሚጨምቀውን ክፍል) ትታችሁ በፕሮሰሰሩ የሚሠራውን ኢንኮደር ኤክስ264ን «ስሎው» ላይ አድርጉ፤ የቀረጻውን የፍሬም ብዛት ከሞኒተሩ ጋር እኩል አድርጉ፤ ቪዲዮው ከተቆራረጠ ጥፋቱ የዲስኩ ነውና ኤስኤስዲ ግዙ፤ የቀለም ሬንጁን «ፉል» አድርጉ፤ በኤምፒ4 አስቀምጡ፤ ድምፁን 320 ላይ አድርጋችሁ እርሱት።

ጸሐፊው መሐል ላይ ጣል ካደረጓቸው ነገሮች ሁለቱ ልክ ናቸው። ጌሙን ለመያዝ ከ«ዲስፕሌይ ካፕቸር» ይልቅ «ጌም ካፕቸር» ይሻላል ብለዋል፤ እውነት ነው። የድምፅ ሳምፕል ሬት 48 ኪሎኸርዝ ይሁን ብለዋል፤ ይህም እውነት ነው። የቀረው ግን በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ስህተት ነው፤ የቀጥታ ስርጭት ሴቲንግ ወስዶ ቁጥሩን ማሳበጥ። ስርጭት በጠባብ የኢንተርኔት መስመር ማለፍ አለበት፤ ብዙዎቹ ሕጎቹም ለዚያ መስመር ጥበት ሲባል የወጡ ናቸው። ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ቪዲዮ ያ ጥበት የለበትም። ይህን ይዘን ነጥብ በነጥብ እንሂድ።

«ሲቢአር ምረጡ፤ ቢትሬቱን 100,000 አድርጉ»

ሲቢአር ለእያንዳንዱ ሴኮንድ እኩል ዳታ ይመድባል። ስርጭት ላይ ይህ ያስፈልጋል፤ ፍሰቱ ድንገት ካበጠ መስመሩ አይችለውም፣ ተመልካቹ ጋ ቪዲዮው ይቆማል። ቀረጻ ላይ ግን ይህን እኩልነት የጠየቀ የለም። ተጫዋቹ ዕቃ ለመምረጥ ሜኑ ከፍቶ 40 ሴኮንድ ቆየ እንበል። ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። 100,000 ኪሎቢት 100 ሜጋቢት ነው፤ ይህ በ40 ሲባዛ፣ ለ8 ሲካፈል 500 ሜጋባይት ይመጣል፤ ለቆመ ሥዕል ግማሽ ጊጋባይት። ከሜኑው ወጥቶ ዝናብ በሚዘንብበት ጫካ ውስጥ መሮጥ ሲጀምር ደግሞ ሣሩም፣ ጠብታውም፣ ጭጋጉም በየፍሬሙ ይለዋወጣል። ዳታ የሚያስፈልገው ይህን ጊዜ ነው፤ ሲቢአር ግን ከ100 ንቅንቅ አይልም። በ1080 60 ፍሬም ላይ ይህ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። በ4ኬ 60 ፍሬም ላይ ግን ከባዱ ትዕይንት ሲመጣ ሊያንስ ይችላል። ያው አንድ ቁጥር አንዴ ብክነት፣ አንዴ እጥረት ይሆናል፤ ያውም በሰዓት 45 ጊጋባይት እየበላ።

ለቀረጻ የሚመረጠው ቢትሬቱን ትቶ ጥራቱን የሚያጸና ዘዴ ነው። በኤንቪዲያና በኤኤምዲ ኢንኮደሮች ሲኪውፒ ይባላል፣ በኤክስ264 ሲአርኤፍ፣ በኢንቴል ኩዊክ ሲንክ ደግሞ አይሲኪው። መንገዱ ይኸውና፦ «ሴቲንግስ» ክፈቱ፣ «አውትፑት» ውስጥ ግቡ፣ ከላይ ያለውን «አውትፑት ሞድ» ከ«ሲምፕል» ወደ «አድቫንስድ» ቀይሩ፣ «ሬኮርዲንግ» የሚለውን ታብ ምረጡ፣ እዚያ «ሬት ኮንትሮል» አለ። ሲኪውፒ ስትመርጡ የቢትሬት ሳጥኑ ይጠፋና በምትኩ አንድ ቁጥር ብቻ ትጠየቃላችሁ።

ይህ ቁጥር ምንድን ነው? ኢንኮደሩ ሥዕሉን በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ካሬ ዝርዝር ወደ ቁጥሮች ይቀይራል፤ ከዚያ ቁጥሮቹን ያጠጋጋቸዋል። ቪዲዮ ሲጨመቅ የሚጠፋው ዝርዝር የሚጠፋው በዋናነት እዚህ ማጠጋጋት ላይ ነው። ሲኪውፒ የማጠጋጋቱን እርምጃ ስፋት ይወስናል። ኤች 264 በሚባለው በጣም የተለመደ የቪዲዮ መጭመቂያ ፎርማት መለኪያው ከ0 እስከ 51 ይሄዳል፤ ቁጥሩ በ6 በጨመረ ቁጥር እርምጃው እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ አነስተኛ ቁጥር ማለት የተሻለ ጥራትና ትልቅ ፋይል ማለት ነው። (ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይይዘዋል፤ «30 ከ20 ይበልጣል» ብሎ 30 ላይ ይቀርጽና ቪዲዮው ለምን እንደደበዘዘ ግራ ይገባዋል።) በግምት ቁጥሩን በ6 መቀነስ ፋይሉን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል።

ለ1080 60 ፍሬም ከ18 እስከ 22 ያለው ክልል ለአብዛኛው ጌም ይበቃል። ቀለሙ ተነካክቶ፣ ተቆርጦና ተቀጥሎ ዳግም ኢንኮድ ለሚደረግ ቪዲዮ 16 ወይም 18 ተጠቀሙ። ከ14 በታች መውረድ ዓይን የማያየውን ልዩነት በጊጋባይት መግዛት ነው። 25ን ስታልፉ ደግሞ ጥላ ያለበት ጥግና ምሽት ላይ ያለ ሰማይ ካሬ ካሬ መሆን ይጀምራሉ። እነዚህ ቁጥሮች የኤች 264 ናቸው። 20 በኤች 264፣ 20 በኤችኢቪሲና 20 በኤቪ1 አንድ ዓይነት ጥራት አይሰጡም፤ ኢንኮደር ስትቀይሩ ቁጥሩን እንደ አዲስ ፈትኑት።

«ዲስኬ ጠባብ ነው፣ ፋይሉ ከልክ እንዳያልፍ መገደብ አለብኝ» የሚል ሰው ቪቢአር (ቢትሬቱ እንደ ትዕይንቱ የሚለዋወጥበትን) ይጠቀም፤ ለምሳሌ መደበኛውን 40,000፣ ከፍተኛውን 80,000 አድርጎ። ያኔም ቢሆን ሲቢአር የሚያስመርጥ ምክንያት አይገኝም።

በ«ሲምፕል» ሞድ መቆየት የሚፈልግም ችግር የለበትም፤ «ሬኮርዲንግ ኳሊቲ» የሚለውን ግን ይመልከት። «ሴም አዝ ስትሪም» ላይ ከሆነ ቀረጻው ለስርጭት የተመደበውን ቢትሬት ይወርሳል። «ኢንተርኔት ሳልጠቀም ቪዲዮዬ ለምን ኢንተርኔት ላይ እንደተላለፈ መሰለ» ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ወደ «ሃይ ኳሊቲ» ወይም ወደ «ኢንዲስቲንጉዊሻብል ኳሊቲ» ማዞር ብቻ ይበቃል።

«ሞኒተራችሁ ምንም ይሁን ምን በ4ኬ ቅረጹ»

በ1080 የሚሮጥ ጌም በአንድ ፍሬም የሚያወጣው 2,073,600 ፒክስል ነው። አውትፑቱን 3840 በ2160 ብታደርጉት ኦቢኤስ ከየትም አዲስ ዝርዝር አያመጣም፤ ያሉትን ፒክስሎች ይለጥጣቸዋል። ኢንኮደሩ ግን 8,294,400 ፒክስል ይጫንበታል፤ ልክ አራት እጥፍ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ከምክሩ ጀርባ አንድ እውነት እንዳለ አይካድም። ዩቲዩብ ከፍ ባለ ሪዞሉሽን ለተጫነ ቪዲዮ ሰፋ ያለ ቢትሬት ይሰጣል፤ ከ1080 ወደ 1440 የተለጠጠ ጌም እዚያ ላይ ሲታይ ከመጀመሪያው 1080 ይልቅ ሣሩና ቅጠሉ ጠራ ብሎ ይወጣል። ዩቲዩብ ራሱ ለጫኞች የሚመክረው ቢትሬት ለ1080 60 ፍሬም 12 ሜጋቢት፣ ለ1440 60 ፍሬም 24 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 60 ፍሬም ከ53 እስከ 68 ሜጋቢት ነው። የመለጠጡ ሥራ ግን መሠራት ያለበት ኤዲት ተደርጎ ሲያልቅ፣ ቪዲዮው ኤክስፖርት ሲደረግ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ የሚሽቀዳደመው ጌም የለም፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ፍሬም አይጠፋም። የድሮ ዓይነት የፒክስል ጌም ከሆነ በእጥፍ ወይም በሦስት እጥፍ፣ ማለስለሻ በሌለው «ኒረስት ኔበር» ለጥጡት፤ ሌላው ማጣሪያ ጠርዙን ያሟሟዋል።

የግራፊክስ ካርዱ ትርፍ ጉልበት ካለው ሐቀኛ መንገድ አለ። የኤንቪዲያው ዲኤስአር ወይም የኤኤምዲው ቪኤስአር ጌሙን ራሱን ከሞኒተሩ በላይ በሆነ ሪዞሉሽን ያስሮጠዋል። እዚህ ላይ ዝርዝሩ በእርግጥ ይጨምራል።

መመሪያው ያልነካው፣ ከ4ኬ ወሬ ይልቅ ብዙ ቪዲዮ የሚያበላሽ ነገር ደግሞ «ቪዲዮ» የሚለው ገጽ ላይ አለ። እዚያ ሁለት ሪዞሉሽን ይጻፋል፤ «ቤዝ ካንቫስ» እና «አውትፑት»። ኦቢኤስ መጀመሪያ ሲጫን ካንቫሱን ከስክሪኑ ይወስዳል። ስክሪኑ 1366 በ768 የነበረ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ሞኒተር ተሰክቶ ጌሙ በ1080 ቢሮጥ፣ ካንቫሱ ግን እንደነበረ ቢቀር፣ ሥዕሉ ወደ 768 ይጨመቅና አውትፑቱ 1080 ከሆነ ተመልሶ ይለጠጣል። ሁለት ጊዜ ተጎድቷል፤ የትኛውም ሲኪውፒ አያድነውም። ካንቫሱን ጌሙ በሚሮጥበት ሪዞሉሽን ልክ አድርጉት፣ አውትፑቱንም እዚያው ላይ ተዉት፣ ከዚያ ምንጩን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤፍን ተጫኑ፤ ካንቫሱን ሞልቶ ይቀመጣል። ማሳነስ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ1440 ወደ 1080፣ የማሳነሻ ማጣሪያውን «ላንዞስ» አድርጉ።

«የግራፊክስ ካርድ ኢንኮደር ለሰነፍ ነው፤ ኤክስ264 ስሎው ላይ አድርጉ»

ይህ ምክር አንድ ዘመን ላይ ትክክል ነበር። ቢትሬቱ 6 ሜጋቢት ላይ በተገደበበት ስርጭት፣ ከ2018 በፊት በነበሩ ካርዶች ኢንኮደር፣ ኤክስ264 በግልጽ ይበልጥ ነበር። በ2018 ቱሪንግ የሚባለው የኤንቪዲያ ትውልድ አዲስ ኤንቬንክ (የኤንቪዲያ ካርዶች ኢንኮደር) ይዞ ከመጣ ወዲህ ግን ልዩነቱ በጣም ጠቧል። (የዚያ ትውልድ ሆኖ የቆየውን ኢንኮደር ይዞ የወጣው የመጀመሪያው ጂቲኤክስ 1650 ነው፤ እሱን የያዘ ሰው የሲኪውፒውን ቁጥር በአንድ ሁለት ዝቅ ያድርግ።) ቀረጻ ላይ ደግሞ ቢትሬቱ ስላልተገደበ ልዩነቱ ከዚያም ያንሳል።

ጸሐፊው የሳቱት ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሲአርኤፍ ላይ ያለ ኤክስ264 ከ«ቬሪፋስት» ወደ «ስሎው» ሲዞር በዋናነት የሚቀየረው የፋይሉ መጠን ነው። ያንኑ ጥራት በትንሽ ፋይል ለማስቀመጥ ፕሮሰሰሩ ብዙ ይለፋል። ያ ፕሮሰሰር ጌሙንም የሚያስሮጠው እሱ ነው። በ1080 60 ፍሬም ኢንኮደሩ ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ካልጨረሰ ፍሬሞች ይደራረባሉ፣ ከታች «ኢንኮዲንግ ኦቨርሎድድ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፣ ቀረጻው ይዘላል። ጌሙም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ለፋይል መጠን ሲባል ይህን መክፈል ዲስኩ ጭራሽ ቦታ ለሌለው ሰው ካልሆነ ትርጉም የለውም።

ኤንቬንክ በካርዱ ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ የኢንኮደር ክፍል ነው፤ ጌሙን የሚስሉትን ኮሮች አይሻማም ማለት ይቻላል። ማለት ይቻላል ያልነው በምክንያት ነው፤ «ሉክ አሄድ» እና «ሳይኮ ቪዥዋል ቱኒንግ» የሚባሉት ሁለት አማራጮች የካርዱን ኮሮች ይጠቀማሉ። ጌሙ ካርዱን ሙሉ በሙሉ የሚበላ ከሆነ በመጀመሪያ ሉክ አሄዱን አጥፉት። ፕሪሴቱ፣ ማለትም ኢንኮደሩ ምን ያህል እንደሚለፋ የሚወስነው፣ ከፈጣኑ ፒ1 እስከ ዘገምተኛው ፒ7 ይሄዳል፤ ፒ5 ጥሩ መነሻ ነው።

በኤኤምዲ ካርዶች ላይ፣ በተለይ ቆየት ባሉት፣ ኤች 264ቱ ደካማ ስለሆነ ኤችኢቪሲን ምረጡ። ኤቪ1 መቅረጽ የሚችሉት ከ2022 ጀምሮ የወጡት ናቸው፦ አርቲኤክስ 40፣ ራዲዮን አርኤክስ 7000 እና ኢንቴል አርክ። ከመምረጣችሁ በፊት የኤዲቲንግ ፕሮግራማችሁ ኤቪ1ን መክፈቱን አንድ የአስር ሴኮንድ ፋይል ቀርጻችሁ አረጋግጡ። የተጋራ ሥራ ከሆነ፣ ፋይሉ በየትኛውም ማሽን ላይ መከፈት ካለበት፣ ኤች 264 አሁንም ከሁሉም ያነሰ ጣጣ ያመጣል። ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ግራፊክስ ያለበት ማሽን ላይ ደግሞ ኩዊክ ሲንክ ለደካማ ካርድ ጥሩ ረዳት ነው።

«የፍሬም ብዛቱን ከሞኒተሩ ጋር እኩል አድርጉ» እና «ከተቆራረጠ ኤስኤስዲ ግዙ»

እነዚህ ሁለቱ አብረው መመለስ አለባቸው፤ የመጀመሪያው ምክር የሚያመጣውን በሽታ ሁለተኛው በሌላ ያሳብባልና። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው።

በዲስኩ እንጀምር፣ ቶሎ ያልቃል። 50 ሜጋቢት በሴኮንድ ማለት 6.25 ሜጋባይት በሴኮንድ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲጽፍ 100 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይችላል። ጸሐፊው ያዘዙት 100 ሜጋቢት እንኳ 12.5 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ዲስክ የሚያንሰው ቪዲዮው ጨርሶ ሳይጨመቅ ሲቀረጽ ነው፤ 1080 60 ፍሬም ጥሬው በሴኮንድ 187 ሜጋባይት ገደማ ይሆናልና። ከዚያ ውጪ ዲስክ የሚከሰሰው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጌሙም ቀረጻውም በአንድ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ጌሙ አዲስ አካባቢ ሲጭን የዲስኩ መርፌ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ሌላ ዲስክ ካለ ቀረጻውን ወደዚያ አዙሩት፤ አሮጌም ቢሆን ይበቃል። ሁለተኛው በፋት32 የተፎርመተ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። በ50 ሜጋቢት ይህ 11 ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ይሞላል፤ ቀረጻው ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ የሚቆም ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጉ። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፤ በላዩ ያለውን መጀመሪያ ገልብጡ።

አሁን ወደ ዋናው። ቪዲዮ ሲቆራረጥ ከመገመት በፊት የሚታይ ቦታ አለ፤ «ዶክስ» ከሚለው ሜኑ «ስታትስ»ን ክፈቱ። ሦስት መስመሮችን ተመልከቱ፦ በሬንደሪንግ መዘግየት ያመለጡ፣ በኢንኮዲንግ መዘግየት የተዘለሉ፣ በኔትወርክ የወደቁ። ሦስተኛው ለስርጭት ነው፤ ቀረጻ ብቻ ከሆነ ዜሮ ነው፣ እለፉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ለምሳሌ አንድ ደቂቃ በ60 ፍሬም ቀርጻችሁ መስመሩ «540 ከ3600፣ 15 በመቶ» ቢል፣ ይህም የሬንደሪንጉ መስመር ላይ ቢሆን፣ ኢንኮደሩ ንጹሕ ነው። ኦቢኤስ እያንዳንዱን ፍሬም ለኢንኮደሩ ከመስጠቱ በፊት ትዕይንቱን የሚያቀናብረው በግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ጌሙ ካርዱን 99 በመቶ ከያዘው ኦቢኤስ ወረፋ ይጠብቃል፣ ፍሬሙ ያልፈዋል። ስክሪኑ ላይ ጌሙ ለተጫዋቹ ለስላሳ ነው፤ ቀረጻው ግን ተቆራርጧል። «ስጫወት ምንም አልነበረውም» የሚባለው ቅሬታ መነሻው ይህ ነው። ቢትሬት መቀነስ አይረዳም፣ ኤስኤስዲም አይረዳም። የሚረዳው ጌሙ ላይ የፍሬም ገደብ ማበጀት ወይም ጥላና ነጸብራቅን የመሰሉ ከባድ አማራጮችን አንድ ደረጃ ማውረድ ነው፤ የካርዱ ጫና ከ95 በመቶ በታች እስኪሆን ድረስ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኦቢኤስን በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብሎ መክፈት ካርዱ ላይ ቅድሚያ ያሰጠዋል፤ ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

ቁጥሩ የኢንኮዲንጉ መስመር ላይ ከሆነ ግን ካርዱ ፍሬሙን በጊዜ ሰጥቷል፤ ኢንኮደሩ ነው ያልደረሰበት። ፕሪሴቱን ከፒ5 ወደ ፒ4 ወይም ፒ3 አውርዱ፣ ወይም ሪዞሉሽኑን ቀንሱ። ኤክስ264 ከሆነ ወደ «ቬሪፋስት» ወይም «ሱፐርፋስት» ሂዱ።

ወደ ፍሬም ብዛቱ እንመለስ። ሞኒተሩ 144 ስለሆነ በ144 ቅረጹ የሚለው ኦቢኤስንም ኢንኮደሩንም በሴኮንድ 144 ጊዜ ያሠራል፤ ያንን የሚያሳየው ግን ማን ነው? ዩቲዩብ ላይ ከ60 በላይ አይታይም። በዝግታ ለሚታይ ትዕይንት 120 መቅረጽ ምክንያት አለው፤ ለሌላው 60 ይበቃል።

በ60 ሲቀረጽ መታየት ያለበት የጌሙና የቀረጻው ስምምነት ነው። ጌሙ 75 ላይ ተገድቦ ቀረጻው 60 ቢሆን ከየአምስት የጌም ፍሬም አንዱ ሳይቀረጽ ይቀራል። ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር እንቅስቃሴው አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ይሄዳል፤ በሴኮንድ 15 ጊዜ ትንሽ ዝላይ። ስታትስ ላይ ሁሉም ዜሮ ነው፣ ዓይን ግን አልተቀበለውም። ጌሙን በ60 ወይም በ120 ገድቡት፣ ዝላዩ ይጠፋል። በ144 የሚሮጥ ጌምም ለ60 በእኩል አይካፈልም፤ ፍሬሞቹ ስለሚቀራረቡ ግን ጉዳቱ ከ75ቱ ያነሰ ነው። ገደቡን ከተቻለ በጌሙ ውስጥ፣ ካልሆነ በካርዱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አድርጉት።

«የቀለም ሬንጁን ፉል አድርጉ»

አታድርጉ። ቪዲዮ በተለምዶ ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ላይ ያስቀምጣል፤ ማጫወቻዎችና ኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ይህን ይጠብቃሉ። በፉል የተቀረጸውን እንደ ተለመደው የሚያነብ ፕሮግራም ከ16 በታች ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ጥቁር ይደፍቀዋል፤ ዋሻ ውስጥ ያለ ጠላት ጥቁር ውስጥ ይሰወራል። «አድቫንስድ» ገጽ ላይ ኤንቪ12፣ ሬክ 709 እና «ሊሚትድ» ላይ ተዉት። በኤችዲአር ለሚቀርጽ ብቻ ፒ010 ያስፈልጋል፤ ያም ኤችኢቪሲ ወይም ኤቪ1 ይፈልጋል።

«በኤምፒ4 አስቀምጡ»

መደበኛው ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው። ሁለት ሰዓት ከተቀረጸ በኋላ መብራት ቢጠፋ ወይም ዊንዶውስ ደርቆ ቢቀር፣ 40 ጊጋባይት ዲስኩ ላይ አለ፣ የሚከፍተው ግን የለም። ኤምኬቪ የሚባለው የፋይል ዓይነት ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይከፈታል። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ኤምኬቪ ካልተቀበለ «ፋይል» ሥር «ሪመክስ ሬኮርዲንግስ» አለ፤ መያዣውን ብቻ ይቀይራል፣ ሥዕሉን አይነካም፣ ረጅም ቀረጻም ቢሆን እንደገና ኢንኮድ ከማድረግ ጋር የማይወዳደር ጊዜ ይወስዳል። «አድቫንስድ» ውስጥ ይህን በራሱ እንዲሠራ የሚያደርግ ሳጥን አለ። ከ2024ቱ ኦቢኤስ 30.2 ወዲህ «ሃይብሪድ ኤምፒ4» የሚባል አማራጭ መጥቷል፤ ቢቋረጥም ይከፈታል። እሱን የመረጠ ኤምፒ4 ብሎ ቢጽፍ አንከራከረውም።

«ድምፁን 320 አድርጋችሁ እርሱት»

320 ጥፋት የለውም። ጥፋቱ «እርሱት» የሚለው ነው። የጌሙም የማይኩም ድምፅ በአንድ ትራክ ከተቀላቀለ በኋላ ፍንዳታው ንግግሩን ሲውጠው መለየት አይቻልም። ኦቢኤስ ስድስት ትራክ ይሰጣል። በድምፅ ማደባለቂያው «አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ሁሉንም ምንጮች በትራክ 1፣ ጌሙን ብቻ በትራክ 2፣ ማይኩን ብቻ በትራክ 3 ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ «አውትፑት» ውስጥ «ሬኮርዲንግ» ላይ ተመልሳችሁ 1፣ 2 እና 3ን ምረጡ። ይህ ሁለተኛው ቦታ ይረሳል፤ ሰው በማደባለቂያው ሁሉንም ከፋፍሎ ፋይሉ ውስጥ አንድ ትራክ ብቻ የሚያገኘው በዚህ ነው። ተራ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ትራክ 1ን ብቻ ያሰማል፤ ሌሎቹ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ይወጣሉ።

የጌሙን ድምፅ በ«አፕሊኬሽን ኦዲዮ ካፕቸር» የያዘ ሰው «ዴስክቶፕ ኦዲዮ»ውን ያጥፋ። ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ያው ድምፅ ሁለት ጊዜ ገብቶ ቱቦ ውስጥ ያለ ይመስላል። ማይኩ በተለመደ ንግግር ቢጫው ላይ፣ ማለትም ከ−20 እስከ −9 ዴሲቤል ባለው ላይ ይጫወት፤ በጩኸት ቀዩን ቢነካ አይከፋም፣ 0 ላይ የተቆረጠ ድምፅ ግን አይመለስም። 48 ኪሎኸርዝ ማለታቸው ልክ ነው ብለናል፤ ዊንዶውስ ውስጥ የማይኩና የማዳመጫው ፎርማትም 48 መሆኑን አብራችሁ እዩ።

«ለማንኛውም ኮምፒውተር»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። የሌላ ሰው ቁጥር የሚጠቅመው ለመነሻ ብቻ ነው፤ ከላይ የሰጠናቸውም እንዲሁ። የራሳችሁን ለማግኘት ከምትጫወቱት ጌም ውስጥ ከሁሉ የከበደውን ቦታ ምረጡ፤ ዝናብ፣ ጭስ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ያለበትን። ጌሙ በሚሮጥበት ሪዞሉሽን፣ 60 ፍሬም፣ ሲኪውፒ 20፣ ፒ5፣ ኤምኬቪ አድርጋችሁ 60 ሴኮንድ ሩጡበት። መጀመሪያ ስታትስ፤ ሁለቱም መስመሮች ዜሮ እስኪሆኑ ከላይ እንዳልነው አስተካክሉ። ቀጥሎ ሥዕሉ፤ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ቪዲዮውን አቁሙና ሳታሳንሱ በሙሉ መጠኑ ጥላውንና የሣሩን ጫፍ ተመልከቱ። ካሬ ከታየ ወደ 18 ውረዱ፤ ምንም ካልታየ 22ን ሞክሩና አወዳድሩ። በመጨረሻ መጠኑ፤ የአንድ ደቂቃው ፋይል 400 ሜጋባይት ከሆነ በሰዓት 24 ጊጋባይት ነው፣ ከባዱን ቦታ ስለለካችሁ እውነተኛው ከዚያ ያንሳል።

ላፕቶፕ ላይ አንድ ደቂቃ አይበቃም። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ጌም ካፕቸር ጥቁር ብቻ ካሳየ የዊንዶውስ «ግራፊክስ» ሴቲንግ ውስጥ ኦቢኤስን «ሃይ ፐርፎርማንስ» ላይ አድርጉትና ዳግም ክፈቱት። ከዚያ ቻርጀሩ እንደተሰካ ግማሽ ሰዓት ቅረጹና ስታትሱን እንደገና እዩ። በመጀመሪያው ደቂቃ ዜሮ የነበረው የሬንደሪንግ መስመር 20ኛው ደቂቃ ላይ መቁጠር ከጀመረ ካርዱ ሞቆ ፍጥነቱን ቀንሷል፤ የጌሙን ግራፊክስ አንድ ደረጃ አውርዳችሁ ግማሽ ሰዓቱን ድገሙት።